በአሊ ሳቢህ አሥራ አራት ደቂቃ

ናርዶስ ተካልኝ ዘወትር ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ትመዘናለች። የሚመዝናት የባቡሩ ወንበር ነው። ስትቀመጥበት ትንሽ ዝም ይልና አንዲት አረንጓዴ መብራት ትበራለች፤ ያኔ ባቡሩ መንቀሳቀስ ይችላል። ስትመለስ ክብደቷ ከጠዋቱ በሩብ ኪሎ ቢበልጥ መብራቷ ትቀላለች፤ ባቡሩም ከቆመበት ንቅንቅ አይልም። ደንቡ የወጣው ሠራተኞች ከድንበር ማዶ ዕቃ ይዘው እንዳይመጡ ነው።

ባቡሩን የምትነዳው እሷ አይደለችም፤ ባቡሩ ራሱን ይነዳል። ነገር ግን በሁለቱ አገሮች መካከል የተፈረመው ውል «በእያንዳንዱ ጉዞ ኃላፊነት የሚወስድ አንድ ሰው ይኖራል» ይላል። ያ ሰው ናርዶስ ናት። ሥራዋ በየዘጠና ሴኮንዱ አንድ ቁልፍ መጫን ነው። ሳትጫን ካለፈች ባቡሩ ሰው የለኝም ብሎ ይቆማል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስትጫን ኖራለች። ዕድሜዋ ሃምሳ ሁለት ነው።

መስመሩ አጭር ነው፤ ከደወሌ እስከ አሊ ሳቢህ ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር። ስድስት የውሃ ፉርጎዎች ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ባዶአቸውን ከደወሌ ይነሳሉ፤ ድንበሩ ላይ ያለውን ኬላ ያልፋሉ፤ አሊ ሳቢህ ደርሰው ከባሕር ተጣርቶ የመጣ ውሃ ይሞላሉ፤ ሙቀቱ ሳይበረታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይመለሳሉ። የደወሌ ጉድጓዶች በ2050ዎቹ መጀመሪያ ደርቀዋል። ዘጠኝ ሺህ ሰው የሚጠጣው ይህ ባቡር የሚያመጣውን ነው። ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ አመሻሹ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ውጭ መንቀሳቀስ ስለተከለከለ፣ ከተማው ውሃውን ቀድቶ በሩን ይዘጋል።

አሊ ሳቢህ ላይ ፉርጎዎቹ እስኪሞሉ አሥራ አራት ደቂቃ ይፈጃል። በእነዚህ አሥራ አራት ደቂቃዎች ናርዶስ ከባቡሩ ወርዳ መድረኩ ላይ መቆም ይፈቀድላታል፤ ከባቡሩ ሁለት ሜትር ርቆ የተሰመረውን ቢጫ መስመር ግን ማለፍ አትችልም። ከመስመሩ ወዲያ የጣቢያው ሹም ይቆማል። የጣቢያው ሹም ሮብሌ ዋይስ ይባላል። ባሏ ነው።

የተጋቡት ድሬዳዋ ነው። እሱ የባቡር ፍሬን ጠጋኝ ነበር፤ እሷ በዚያው ጋራዥ መዝገብ ያዥ። ልጅ አልወለዱም። በ2055 ልየታው መጣ። ሰው ሁሉ አባቱ በተወለደበት ቦታ ተመዘገበ፤ የሮብሌ አባት ደግሞ የተወለዱት ከድንበሩ ማዶ፣ ሆልሆል ነበር። ሮብሌ ሆልሆልን አይቷት አያውቅም። ተወልዶ ያደገው ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር፣ ጥላ ባላቸው መንገዶች ዳር ነው። አርባ ቀን ሰጡት። በአርባኛው ቀን አንድ ሻንጣ ይዞ ተሻገረ። መዝገቡ የማይቀየር ስለነበረ ናርዶስ ልትከተለው አልቻለችም። እሱ ግን ማዶ እንደደረሰ የጠየቀው አንድ ሥራ ብቻ ነበር፤ ባቡሩ የሚቆምበት ጣቢያ ሹምነት። ማንም ስለማይፈልገው ሰጡት።

ዘጠኝ ዓመት በዚህ ሁኔታ ኖሩ። ዕቃ ማቀበል አይቻልም፤ ሁለት መቶ ግራም ምግብ ግን መብራቷን አያቀላም። ሮብሌ በየቀኑ ሁለት መቶ ግራም ያበስላል። ሳህኑን በረጅም እጁ ከመስመሩ በላይ ያሳልፍላታል። እሷ ቆማ ትበላለች፤ እሱ ቆሞ ያያታል።

«ዛሬ ጨው አንሶታል» ትለዋለች።

«አቦ፣ ትናንት በዛ አልሽ።»

«ትናንት በዝቶ ነበር።»

ከዚያ የድሬን ወሬ ይጠይቃታል። ናርዶስ በወር አንድ ጊዜ ድሬዳዋ ያለችውን ታናሽ እህቷን ኤልዳናን ልትጠይቅ ስለምትሄድ ወሬ አታጣም። ከዚራ ያለው ትልቁ ዛፍ ቅርንጫፉ ተቆርጧል። የእነ እንትና ግቢ ተሸጧል። የቀድሞው ጋራዥ አሁን ሰው የሚተኛበት ቀዝቃዛ አዳራሽ ሆኗል። ሮብሌ አንዱን ዛፍ ሦስት ጊዜ ያስነግራታል። የትኛው ቅርንጫፍ? በየት በኩል ያለው? ሱቁ ላይ ጥላ የሚጥለው ነው? ሳትመልስለት ደወሉ ይደወላል።

በግንቦት 2064 ነገሩ ሁሉ ተናጋ። መጀመሪያ ማዶ ያለው የወደቡ አገር ገንዘብ በአንድ ሳምንት ውስጥ መግዛት አቆመ፤ ቀጥሎ መንግሥቱ ወደቀ። በዚያው ወር በዚህኛውም ወገን ያለው አስተዳደር ለሁለት ተከፈለ። ትእዛዝ የሚታይበት የባቡሩ ሰሌዳ ሰኞ ዕለት «ይህ መስመር የትራንስፖርት ባለሥልጣን ነው» ብሎ ጻፈ። ረቡዕ ዕለት «ይህ መስመር የአንድነት ሸንጎ ነው» አለ። ዓርብ ዕለት «ትእዛዝ በመጠበቅ ላይ» ብሎ ቆመ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አልጻፈም።

የደወሌ ጣቢያ ኃላፊ ኢዮስያስ አርባ አምስት ዓመቱ ነው፤ ወፍራም፣ ትዕግሥተኛ፣ የድሬ ልጅ። በዚያ ቅዳሜ ሁለት ሰዎች ደውለውለት ሁለቱም ሚኒስትር ነኝ አሉት። ለሁለቱም «እሺ ጌታዬ» አለ። ስልኩን ዘግቶ ናርዶስን አስጠራት።

«ታንከሩ ውስጥ የቀረው የሁለት ቀን ነው» አላት። «ባቡሩ ትእዛዝ ካላገኘ አይነሳም። ትእዛዝ የሚሰጥ ደግሞ የለም።»

«በእጅ ይነዳል» አለች ናርዶስ።

«ትችያለሽ?»

«ስቀጠር አንድ ሳምንት አስተምረውኛል።»

«ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት?»

«አዎ።»

ኢዮስያስ ከወንበሩ ተነስቶ መስኮቱ ጋ ሄደ። ውጭ ሴቶች ባዶ ጀሪካኖቻቸውን በሰልፍ ደርድረው፣ እነሱ ራሳቸው ጥላ ፍለጋ ግድግዳው ሥር ተጠግተዋል። «ነገ ጠዋት የእጅ ማንሻውን ማኅተም እኔ ራሴ እሰብርልሻለሁ» አለ። «ማንም ከጠየቀ ኢዮስያስ ነው ያዘዘኝ በይ። እኔም ማን እንዳዘዘኝ ስለማላውቅ እንተያያለን።»

እሑድ ጠዋት ማኅተሙን ሰበረ። ወንበሩ አልመዘናትም። ናርዶስ ማንሻውን ስትገፋው ባቡሩ መጀመሪያ ተንገጫገጨ፣ ቀጥሎ ሄደ።  ኬላው ላይ ስትደርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ከጠባቂዎቹ አንድም የለም። ክፍላቸው ውስጥ ማራገቢያው ብቻ ይዞራል። ቀስ ብላ አለፈች።

ሮብሌ መድረኩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ከጎኑ የጣቢያው ዘበኛ ሽማግሌው ገዲ። ሌላ ሰው የለም። ሮብሌ ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ ማለዳ እየመጣ ሀዲዱን ሲያይ እንደዋለ ገዲ ኋላ ነገራት።

«ማሽኖቹ ቆመዋል» አለ ሮብሌ። «ውሃው በራሱ ነው የሚወርደው። መክፈቻውን በእጅ ከፍቼ ነው። አንድ ሰዓት ከአሥር ይፈጃል።»

«ይሁን» አለች ናርዶስ፤ ወርዳም እንደ ወትሮዋ ከመስመሩ ወዲህ ቆመች። እሱም ከመስመሩ ወዲያ ቆመ። ውሃው ፉርጎው ውስጥ ሲወድቅ ድምፁ ይሰማ ነበር። እንዲህ ሆነው ትንሽ ከቆዩ በኋላ ገዲ ሳቀ።

«ወላሂ፣ ሁለታችሁም አብዳችኋል» አለ። «ማንን ነው የምትፈሩት? እኔን?»

ናርዶስ እግሯን አንስታ መስመሩን ተሻገረች። ሮብሌ ሊያቅፋት እጁን ዘረጋና መሀል ላይ ተወው፤ የሚጀምርበት ጠፋው። እሷ ናት ግንባሯን ደረቱ ላይ ያሳረፈችው። 

«ሳሙናህን ቀይረሃል» አለችው።

«ስድስት ዓመቱ።»

«አላውቅም ነበር።»

«ከዚያ ርቀት እንዴት ታውቂ?»

ይህ የሆነው ግንቦት አሥራ ስድስት ቀን ነው። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ቀን ሁለቱ አገሮች ያለ መንግሥት ቆዩ፤ መስመሩ ግን ሳይቋረጥ ሠራ። ማን እንደሚያሠራው ቢጠየቅ የሚያውቅ አልነበረም። ናርዶስ በየቀኑ ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር ነድታ ትሄዳለች፤ ሮብሌ መክፈቻውን ይዞ ይጠብቃታል፤ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ አብረው ከፉርጎው ጥላ ሥር ይቀመጣሉ።  አንድ ቀን ናርዶስ ጉልበቱ ላይ ተደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት፤ እሱም መክፈቻውን በአንድ እጁ እንደያዘ ሳይነቃነቅ ቆየ፤ ስትነቃ እግሩ ደንዝዞ ለመቆም ተቸገረ። በሦስተኛው ቀን ቤቱን እንድታየው ለመናት። ቅርብ ነው፣ አሥር ደቂቃ አይሞላም አላት። ናርዶስ ወደ ፉርጎዎቹ አየች፤ ባቡሩን ትታው መሄድ አልሆነላትም። «ነገ» አለችው። በማግሥቱም «ነገ» አለችው።

በአሥረኛው ቀን ሮብሌ ገዲን መክፈቻው ጋ ወስዶ እንዴት እንደሚከፈት፣ እንዴት እንደሚዘጋ አሳየው። ሲመለስ ፊቱ እንደ ልጅ በርቶ ነበር።

«ነገ አብሬሽ እመጣለሁ» አለ።

«ወዴት?»

«ወደ ቤቴ ነዋ። ከደወሌ ድሬ መኪና አይጠፋም። ወንበሩ አይመዝን፤ ኬላው ላይ ሰው የለ። ገዲ ውሃውን ይሞላል፣ አንቺ ትነጂያለሽ፣ እኔ ድሬ ሆኜ እጠብቅሻለሁ።»

ናርዶስ ወደ ኬላው አቅጣጫ አየች። ሬዲዮው በወደቡ አዲስ ሸንጎ እንደተቋቋመና ወታደሮቹ ወደየኬላው እየተንቀሳቀሱ እንደሆነ ሲናገር ጠዋት ሰምታለች። ሮብሌም ሰምቷል።

በአሥራ አንደኛው ቀን ሙሉዎቹን ፉርጎዎች እየጎተቱ አብረው ተነሱ። ሮብሌ ሻንጣውን ይዟል፤ የመሣሪያ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ። ለዘጠኝ ዓመት ከኋላው እያየ የሸኘውን ባቡር ተሳፍሮ ወደ ፊት ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። ሀዲዱ ቀጥ ብሎ፣ ሜዳው ነጣ ብሎ ይታያል። አንዳንዴ አጋዘን ቢጤ ሲሮጥ ያይና ይጠቁማታል። አንድ ጊዜ ትከሻዋን ነካ አድርጎ «ቀስ በይ፣ አትቸኩዪ» አላት። ቀስ አለች።

ኬላው ላይ የወደቡ ሸንጎ አሥራ ሁለት ወታደሮች ቆመው ነበር። ሰማያዊ ጨርቅ ክንዳቸው ላይ አስረዋል። ናርዶስ ፍሬኑን ያዘች። አዛዡ ሻምበል ዓዋሌ የሚባል የሃያ አምስት፣ ሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ነው፤ ጨዋ ነበር። የሁለቱንም ጣት መዝገቡን የሚያነበው መሣሪያ ላይ አስቀመጠ። መሣሪያው ለናርዶስ ዝም አለ፤ ለሮብሌ ጮኸ።

«አባቴ፣ እርስዎ የእኛ መዝገብ ውስጥ ነዎት» አለ ሻምበሉ። «መውጣት አይችሉም።»

«መዝገቡን የጻፈው መንግሥት ወድቋል አይደል?» አለች ናርዶስ።

«መንግሥቱ ወድቋል። መዝገቡ አልወደቀም።» ሻምበሉ ይህን ሲናገር አፍሮ ነበር። «ውሃውን አንከለክልም። ሸንጎው ማንንም በጥም አይቀጣም። እርስዎ ይለፉ እናቴ። እሳቸው ግን ይወርዳሉ።»

«እንግዲያው እኔም እወርዳለሁ።»

«ከወረዱ ባቡሩን ማን ይነዳዋል?»

 ፀሐይዋ ወጥታለች። ከፉርጎዎቹ አንዱ በስፌቱ በኩል ይንጠባጠብ ነበር፤ ጠብታው ሀዲዱ ላይ ሳይቆይ ይደርቃል። ናርዶስ ማንሻውን እንደያዘች ወደ ፊት እያየች ቆየች። ከዚህ ደወሌ ቅርብ ነው፤ አራት ኪሎ ሜትር። ጠዋት ስትነሳ የጀሪካኑ ሰልፍ ከጣቢያው አጥር አልፎ መንገዱ ላይ ደርሶ ነበር።

ሮብሌ ሻንጣውን አነሳ።

«ናርዲ፣ ውሃው ይሂድ» አለ።

«አንተስ?»

«እኔማ አገሬ ነኝ አሉኝ አይደል?» ሊስቅ ሞክሮ አልሆነለትም። አንገቷን በመዳፉ ያዝ አድርጎ ለቀቃትና ወረደ። ሻምበሉ ውሃ በኮዳ ሰጠው፤ አልተቀበለም።

ናርዶስ ማንሻውን ገፋችው። በጎን መስታወቱ ውስጥ ሻንጣውን ይዞ ቆሞ አየችው። ሜዳው ገላጣ ስለነበረ ከዓይን ለመጥፋት ብዙ ጊዜ ወሰደ። ደወሌ ስትደርስ ኢዮስያስ ፊቷን አይቶ ቧንቧውን ራሱ ገጠመ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለቱም ወገኖች ተስማሙ። የባቡሩ ሰሌዳ እንደገና መጻፍ ጀመረ። አዲሱ ውል «ኃላፊነት የሚወስድ ሰው» የሚለውን ሐረግ አውጥቶታል። ሠራተኞች መጥተው ወንበሩን ነቀሉት። ለናርዶስ የምስጋና ደብዳቤና የሦስት ወር የውሃ ራሽን ተሰጣት። ማዶ ያለው የጣቢያ ሹምም መሰናበቱን ከኢዮስያስ ሰማች። ስልክ ድንበሩን አይሻገርም።

አምስት ወር ደወሌ ተቀመጠች። ባቡሩ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሰው ሳይዝ ይሄዳል፤ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሰው ሳይዝ ይመለሳል። መጀመሪያ አካባቢ በየጠዋቱ ወጥታ ታየው ነበር። በኋላ ተወችው፤ ድምፁን ግን ተኝታም ትሰማዋለች። በስልሳኛው ይሁን በሰባኛው ቀን፣ በየዘጠና ሴኮንዱ አውራ ጣቷ ራሱ እንደሚንቀሳቀስ ኢዮስያስ አስተውሎ ነገራት።

በኅዳር ወር መዝገብ መቀየር እንደሚቻል ታወጀ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ላይመለሱ። ቅጹ አጭር ነበር። ኢዮስያስ ቅጹን ከእጇ ተቀብሎ እስከ መጨረሻው አነበበውና መለሰላት።

«ድሬን ዳግመኛ አታዪያትም ማለት ነው» አላት።

«አውቃለሁ።»

«እህትሽስ?»

«እሄዳለሁ፤ እነግራታለሁ።»

ኤልዳና አላለቀሰችም። ተቆጣች። ከዚራ ባለው የአባታቸው ቤት ወዲያና ወዲህ እያለች የናርዶስን ልብሶች አጣጥፋ ቦርሳ ውስጥ ትከታለች፤ መልሳ ታወጣለች። «እኔ ታማሚ ብሆን? ብሞት?» አለች። «እሱ ዘጠኝ ዓመት ጠብቆሻል፤ እሺ። እኔስ የማን ነኝ?»  ማምሻውን ሁለቱ በር ላይ ተቀምጠው የሰፈሩን ሰው ሲያዩ አመሹ። ኤልዳና ጠዋት መኪናው ጋ ድረስ ሸኘቻት፤ መኪናው ሲነሳ ግን ፊቷን አዙራ ነበር።

ኬላው ላይ ናርዶስ ጣቷን አኖረች። መሣሪያው አንዴ ጮኸና ዝም አለ። ስሟ ከአንዱ መዝገብ ወጥቶ ሌላው ውስጥ ገባ። ድንጋይ የጫነ መኪና አሳፈራትና ሳይረፍድ አሊ ሳቢህ አወረዳት።

ወደዚህ ከተማ አሥራ አንድ ዓመት በየቀኑ መጥታለች። የምታውቀው ግን መድረኩን ብቻ ነው። በቤቶቹ መሀል ያሉት መንገዶች የት እንደሚያደርሱ አታውቅም። ባሏ በየት በኩል እንደሚኖር አታውቅም። በሯ ላይ ቂጣ የምትሸጥ ሴት አገኘችና ጠየቀቻት።

«ሮብሌ ዋይስ፣ የጣቢያው?» አለች ሴትዮዋ። «ምኑ ነሽ?»

«ሚስቱ ነኝ።»

ሴትዮዋ ቂጣውን ሸፈነች፣ ነጠላ ጫማዋን አደረገችና ቀድማት ሄደች። ቤቱ ከገደል አጠገብ ያለ፣ አንድ ክፍል፣ በሩ ገርበብ ያለ ነበር። ሴትዮዋ ከውጭ ጮኻ ተጣራች። ሮብሌ የተሰበረ ማራገቢያ በእጁ እንደያዘ ወጣ። ከስቷል። ጢሙን አሳድጎታል። ናርዶስን አይቶ ማራገቢያውን መሬት ላይ በጥንቃቄ አስቀመጠው፤ እንዳይሰበር የሚጠነቀቅለት ይመስል።

«ለስንት ጊዜ ነው?» አላት።

«ለሁልጊዜ።»

«ኤልዳናስ?»

«አልተሰናበተችኝም።»

ሮብሌ ራሱን ነቀነቀ። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ተቀበላት።  ቂጣ ሻጯ ከጉያዋ ሁለት ቂጣ አውጥታ ሰጠቻቸውና ሄደች። ሙቀቱን ውስጥ ሆነው አሳለፉት። አጠገብ ለአጠገብ ወለሉ ላይ ተኝተው፣ ስለ ሌላ ሳይሆን፣ ስለ ማራገቢያው አወሩ። ሞተሩ ደህና ነው፤ የጎደለው አንዲት ብሎን ናት።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን፣ እዚያ አገር ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ አልጋውን ወደ ውጭ አወጡት። ጠባብ አልጋ ነው፤ ለአንድ ሰው የተሠራ። ሮብሌ አንሶላውን አነጠፈና ቀና አለ።

«በየት በኩል ትተኛለሽ?» አላት።

ናርዶስ ቆማ ዙሪያዋን አየች። በአንድ ወገን ከተማው ነው፣ የሰው ድምፅ አለ። በሌላው ወገን ሜዳው፣ ከሜዳው ወዲያ ጭጋግ የለበሱ ተራሮች።

«ድሬ በየት በኩል ናት?» አለች።

 ሮብሌ ዘጠኝ ዓመት በየማታው ያየበትን አቅጣጫ ሊያሳያት እጁን ሲያነሳ፣ እሷ ትራሷን ይዛ ወደዚያው ዞራ ነበር።